ኩላሊቱ ለደከመ ውሻ ምን እናዘጋጅለት?

ጥያቄ፦ የእንስሳት ሐኪም የ11 ዓመቱ ውሻችን ኩላሊቱ መድከሙን ነግሮናል። ልጆቼ አጥንትና የቋንጣ ቁራጭ መወርወር ለምደዋል፤ በምን ልተካው? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አጥንት ፎስፈረስ፣ ቋንጣ ደግሞ ጨው ይበዛበታል፤ የደከመ ኩላሊት ሁለቱንም በወጉ ማስወገድ ስለሚያቅተው ልጆቹን ማስቆምዎ ግድ ነው። ጉበትም ይቅር። በምትኩ ተቀቅሎ የላመ ነጭ ሩዝ በእንቁላል ነጭ ይለውሱ (አስኳሉን ለቤተሰቡ ያስቀሩት፤ ፎስፈረሱ በብዛት ያለው እዚያ ነው)፤ ከዚያም በአውራ ጣት ጥፍር ልክ እያድቦለቦሉ፣ ያለ ጨው፣ በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ እስኪጠነክር ያብስሉት። በደሴ ብርድ ትኩስ የወጥ ትራፊ መስጠት ቢያምርዎም ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። መክሰሱ በሙሉ ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ንጹሕ ውሃም ከአጠገቡ እንዳይጠፋ። ካሮት መጨመር ካሰቡ ግን የውሻው ፖታሲየም ከፍ ያለ እንዳይሆን ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ።