በባይነሪ ትሪ ውስጥ ረጅሙን መንገድ ስለ መፈለግ

ወንድሜ፣ በባይነሪ ትሪ (እያንዳንዱ ኖድ፣ ማለትም የመረጃ ነጥብ፣ ከሥሩ ቢበዛ የግራና የቀኝ ሁለት ልጆች ባሉት ዛፍ) ውስጥ በማናቸውም ሁለት ኖዶች መካከል ያለውን ረጅሙን መንገድ ስትፈልግ፣ የሩቱን (ከሁሉ በላይ ያለውን መነሻ ኖድ) የግራና የቀኝ ቁመት፣ ማለትም በየጎኑ እስከ ታችኛው ጫፍ የሚደረደሩትን ኖዶች ብዛት፣ ደምረህ እንዳገኘኸው፣ ነገር ግን ኮድህ በአንዳንድ መሞከሪያ ዛፎች ላይ እንደሚወድቅ ጽፈሃል። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ ለሥራ ቅጥር ስፈተን ከዚሁ ነበር የጀመርሁት።

አንደኛ፣ መንገዱ በሩቱ በኩል የማለፍ ግዴታ የለበትም። እዚህ ድሬዳዋ ከመጋላ ሰፈር ተነሥቶ እዚያው መጋላ የሚውል ሰው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ባቡር ጣቢያውን መሳለም አይጠበቅበትም። ሩቱ አንድ የግራ ልጅ ብቻ ቢኖረውና ከዚያ ልጅ ሥር በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ኖዶች በሰንሰለት ቢንጠለጠሉ፣ ያንተ ኮድ 4 ይላል፤ ትክክለኛው መልስ ግን 6 ነው።

ሁለተኛ፣ ይህን ስታርም እንደ እኔ በየኖዱ ላይ ቁመትን እንደ አዲስ አታስላ። እኔ የሩቱን ስሕተት ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ስለ ደረስሁበት ኮርቼ፣ ቁመትን የሚያሰላውን ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) በእያንዳንዱ ኖድ ላይ ጠራሁት፤ እያንዳንዱ ጥሪም ከኖዱ ሥር ያሉትን ሁሉ እንደገና ይጎበኛል። ፈታኙ ወደ አንድ ጎን ብቻ የተንጠለጠለ 100,000 ኖድ ያለው ዛፍ ሰጠኝ፤ ይህም ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ ጉብኝት ማለት ነው። ጥቂት ጠብቆ «ኮምፒውተሩን አታድክምብን» አለና ላፕቶፑን ከፊቴ አነሣው። ስሕተቴ የት እንደሆነ ብጠይቀው ቀጣዩን ተፈታኝ ጠራ። አለማወቄ ሳይሆን ይህ አነጋገሩ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

ማታ ከዚራ ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ መፍትሔውን በዐሥራ አምስት መስመር ጻፍሁት። አንዱ ፈንክሽን ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ከልጆቹ የግራና የቀኙን ቁመት ተቀብሎ ድምራቸውን እስካሁን ከተገኘው ትልቁ ጋር ያነጻጽራል፤ ለወላጁ የሚመልሰው ግን ከሁለቱ ረጅሙን ብቻ፣ አንድ ጨምሮ ነው። ድምሩን ለወላጁ እንዳትመልስ፤ ወደ ላይ የሚቀጥል መንገድ ሁለቱንም ቅርንጫፍ ይዞ መውጣት አይችልም። እያንዳንዱ ኖድ አንዴ ብቻ ስለሚታይ ያ ዛፍ ዐይን ሳይርገበገብ አለቀ። ለፈታኙ ላክሁለት፤ መልስ አልሰጠኝም።

በፓይተን የምትጽፍ ከሆነ ሪከርሽኑ (ፈንክሽኑ ራሱን በራሱ ውስጥ እየጠራ መሥራቱ) ያለ ማስተካከያ ወደ 1,000 ጥሪ ጥልቀት ሲደርስ ስለሚቆም፣ እንዲህ ላለው ጥልቅ ዛፍ ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ዝርዝር) ተጠቀም። ደግሞም ጥያቄው የሚቆጥረው ኖዶቹን የሚያገናኙትን መስመሮች ይሁን ኖዶቹን አስቀድመህ አንብብ፤ ከላይ በመስመር የተቆጠረው 6 በኖድ ሲቆጠር 7 ነው።