«ልጄ ይንቀሳቀሳል፣ አልሰጥም»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ታናሽ እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከአምስት ቀን በፊት በአልትራሳውንድ የልጇ ልብ መቆሙ ተነገራት። እሷ ግን «ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፣ አልሰጥም» ብላ ሐኪም ቤት አልመለስም አለች። ሌሊት ሆዷን እያሻሸች ስታዋራው እሰማለሁ። ልጇን 28 ዓመት በሆዷ ይዛ ስለኖረች ሴት አንብባ «እኔም እችላለሁ» ትላለች። እውነት ለመናገር ፈራኋት። አእምሮዋ ተነክቶ ይሆን?

መልስ፦ እህትዎ የምትለው እንቅስቃሴ ውሸት አይደለም። የልጁ ሕይወት ካለፈም በኋላ በሽርት ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ጎኗን ስትቀይር እሱም ይዞራል፣ ማህፀኗን ይነካል። አንጀትም ይላወሳል፣ ማህፀንም አልፎ አልፎ ይኮማተራል። ወራት ሙሉ እያንዳንዷን ንቅናቄ ስትጠብቅ የኖረች እናት ይህን «ልጄ ነው» ብትል አልፈርድባትም። ስለዚህ አይከራከሯት፤ «እስቲ አብረን እንደገና እንይ» ይበሏት። በሌላ ሐኪም ዳግም መታየት መብቷ ነው። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሮ የልቡን ቦታ ያሳያት። የልብ ምት በማዳመጥ ብቻ ግን አትመኑ፤ የእናቲቱ የራሷ የደም ሥር ትርታ የልጁ መስሎ ሊሰማ ይችላል።

ያነበበችው ታሪክ በእርግጥ ተመዝግቧል። በፈረንሳይዋ የሳንስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1582 ያረፈችው ኮሎምብ ሻትሪ ሆዷ ሲከፈት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፅንስ ተገኝቷል። ይህ ግን የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ሆኖ ሰውነት በካልሲየም ሲሸፍነው ነው። እሷም ፈልጋ አልያዘችውም። የእህትዎ ልጅ ያለው ማህፀኗ ውስጥ ከሆነ፣ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ብዙ ጊዜ ምጥ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይመጣል። ጤንነቷ ደህና ከሆነ ጥቂት ቀናት ማሰብ ትችላለች፤ በየመሃሉ ግን ደሟ ይመርመር። በተለይ 4 ሳምንት ካለፈ፣ ከልጁና ከእንግዴ ልጁ ወደ ደሟ የሚገቡ ነገሮች ደም የሚያረጋውን ፋይብሪኖጅን ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ስትወልድ ደሙ አልቆም ይላል። ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ከማህፀን ወይም ከድድ መድማት ከታየ ሌሊትም ቢሆን ይውሰዷት። ራሷን ስለመጉዳት ካወራች ደግሞ ብቻዋን አይተዋት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፤ በመድኃኒት ምጥ ይጀመርላታል። የደሟ ዓይነት ኔጌቲቭ ከሆነ የሾተላይ መከላከያ መርፌ አይዘንጋ።

አንድ ነገር ግን ቀስ ብለው ይንገሯት። የልጇ ቆዳና ፊት በየቀኑ ይለወጣል። ቶሎ ከወለደች መልኩን በደንብ ታየዋለች፣ ታቅፈዋለች፣ ስም ታወጣለታለች። «አልሰጥም» ላለች እናት ከማስፈራራት ይልቅ ይህ ይገባታል፤ ልጇን የሚነጥቃት ሰው የለምና። ከቀናት በኋላ ጡቷ ወተት ሊይዝ እንደሚችልም ቀድማ ትወቅ፤ ሳታውቀው ሲመጣ ልብ ይሰብራል። የሚያቆም መድኃኒት ስላለ ሐኪሟን ትጠይቅ።

ለልጁ የተዘጋጁትን ልብሶች ሳይጠይቋት አያንሱ። ወደ ማዋለጃው ስትሄዱ አንዱን ራሷ መርጣ ትያዝለት።