ስትቃኝ «ቲንግ» ለምትል ጊታር

የጠያቂው ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አራት ኪሎ ነኝ። ስትራት (ፌንደር ስትራቶካስተር) ቅርጽ ያላት ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር ከሰው እጅ ገዝቻለሁ። ክፍት ክሮቹን በስልክ ቱነር አስተካክዬ አምባሰል ስጫወት ቅኝቱ የተበላሸ ይመስላል። 3ኛዋን ክር አንዴ ቤንድ ካደረግኋት (ወደ ጎን ገፍቼ ከወጠርኳት) ወደ ቦታዋ አትመለስም፤ ስቃኛትም ‹ቲንግ› ትላለች። አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ‹ኧምምም› የሚል ድምፅ አለው፤ ክሩን ስነካ አይቀንስም፣ የኬብሉን ብረት ስነካ ግን ይቀንሳል። ድሮ ማይክ ስነካ ይነዝረኝ ነበር፤ አንድ ሠራተኛ ከፍቶ ካስተካከለልኝ ወዲህ ቀርቷል። ጓደኞቼ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለውን ማግኔት) ቀይር ይሉኛል። ብሬ ጥቂት ነው፤ ከምን ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ፒክአፑን ለጊዜው እርሳው። «ቲንግ» ያልካት ድምፅ ብቻዋን ብዙ ነገር ትናገራለች። ክሩ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ትንሽ ድጋፍ) ላይ ባለው ጠባብ ቦይ ተቀርቅሮ፣ ውጥረቱ ሲበዛ በአንዴ ሲያመልጥ የሚሰማ ድምፅ ነው። አምባሰሉም የሚበላሽብህ በዚሁ ነት ምክንያት ይመስለኛል።

ከነቱ በፊት ግን ስለ ንዝረቱ። ሠራተኛው ያስተካከለው ነገር የለም፤ ወደ ብሪጁ (ገላው ላይ ክሮቹን ወደያዘው ብረት) የምትሄደውን የግራውንድ (የመሬት) ሽቦ ቆርጦ ነው የመለሰልህ። ሽቦዋ ብትኖር ኖሮ ክሩን ስትነካ ድምፁ ይቀንስ ነበር። ጊታር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈጥር አደገኛ ነገር የለም። ክሮቹ በብሪጁ፣ ብሪጁ በዚያች ሽቦ፣ ሽቦዋ በኬብሉ በኩል ከአምፑ የብረት አካል ጋር ይገናኛሉ። አምፑ ግራውንድ ካላገኘ አካሉ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ጣትህ ድረስ ይመጣል፤ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ በደረትህ በኩል ያልፋል። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው፤ ይገድላል። ስለዚህ በአሮጌ ቤት የምትለማመድ ከሆነ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተህ የሶኬቱ ግራውንድ በእርግጥ መሬት መድረሱን አስመርምር። የአምፑ ስፒና ሦስተኛ እግሩ ተቆርጦ ከሆነ ስፒናውን አስቀይር። ሶኬት ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር አጣምረው የሚሄዱ አሉ፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የአምፑ አካል በሙሉ ፌዝ (ኤሌክትሪክ ተሸካሚ) ይሆናል። ይህ ሳይጣራ የተቆረጠችውን ሽቦ እንዳትመልሳት።

አሁን ወደ ነቱ። 1ኛዋን (ቀጭኗን) ክር ሳትጫናት በክፍት ኢ ላይ ልክ አድርገህ ቃኛት። ከዚያ 1ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ከነቱ ቀጥሎ ያለው) ላይ ቀስ ብለህ ያዝና ኤፍን በቱነር እይ። 10 ሴንት (የግማሽ ድምፅ አንድ አሥረኛ) ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ነቱ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል። ሁለተኛ ማረጋገጫ፦ ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ ከ1ኛው ፍሬት በላይ ያለውን ክፍተት ተመልከት። አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ ማለትም 0.1 ሚሊሜትር ያህል፣ ለጥቂት ማለፍ አለበት። ሦስትና አራት ወረቀት የሚያሳልፍ ከሆነ ፋብሪካው ነቱን ሳይሞርድ ነው የላከው። የርካሽ ጊታር ትልቁ ቁጠባ እዚህ ላይ ነው፤ ነት መሞረድ የሰው እጅና ጊዜ ይጠይቃል።

ይህ ለምን አምባሰልን ለይቶ እንደሚያበላሽ ላስረዳ። ከኢ የተነሳ አምባሰል ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኢ እና ቢ ክፍት ክሮች ናቸው፤ ኤፍ እና ሲ ደግሞ የ1ኛዋና የ2ኛዋ ክር 1ኛ ፍሬት ናቸው። ያንተ ጊታር ረጅሙ አንገት ከሚባለው ዓይነት ከሆነ ከነት እስከ ብሪጅ 648 ሚሊሜትር ነው፤ ከነት እስከ 1ኛው ፍሬት ግን 36 ሚሊሜትር ብቻ። ክሩን ወደ ፍሬቱ ስትጫን ትወጥረዋለህ። 12ኛው ፍሬት ላይ ከነቱ ያለው ርቀት 324 ሚሊሜትር ስለሆነ የነቱ ከፍታ በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈልና አይሰማም። 1ኛው ፍሬት ላይ ግን ያንኑ ከፍታ በ36 ሚሊሜትር ውስጥ ቁልቁል ትስበዋለህ፤ ክሩ በኃይል ይወጠራል፣ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አምባሰልህ ውስጥ ሁለቱ ክፍት ድምፆች ልክ ናቸው፣ ሁለቱ 1ኛ ፍሬት ላይ ያሉት ወጥተዋል፤ ግማሽ ድምፅ ተራርቀው መቀመጥ ያለባቸው ኢና ኤፍ፣ ቢና ሲ ከዚያ በላይ ተራርቀው ጆሮ ይወጋሉ። 3ኛዋ ክርም የምታስቸግርህ ያለ ነገር አይደለም። በቀጭኑ ስብስብ 1ኛዋ ክር 0.009 ኢንች፣ 3ኛዋ 0.016 ኢንች ነች፤ የብረቷ መጠን ሦስት እጥፍ ግድም ሲሆን ውጥረታቸው ግን ብዙ አይራራቅም። ወፍራም ብረት በትንሽ ውጥረት ሲሳብ ድምፁ በጣም ይለዋወጣል። 3ኛዋ ክር ትንሽ ስትሳብ ብዙ ትወጣለች፤ ቦዩ ውስጥ ትንሽ ተቀርቅራ ስትቀርም ብዙ ትስታለች። ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ሳድል ወደፊትና ወደኋላ ብትገፋ ይህን አታድነውም፤ ሳድል የሚያስተካክለው ወደ ገላው የቀረቡትን ፍሬቶች ነው።

ሥራውን በአንገቱ ጀምር። 1ኛውን ፍሬትና አንገቱ ከገላው የሚጋጠምበትን ፍሬት አንድ ላይ ስትጫን 7ኛው ፍሬት ላይ 0.25 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ካልሆነ ክሩን አላልተህ አንገቱ ውስጥ ያለውን የማስተካከያ ብረት በሩብ ዙር ብቻ አዙር፣ ቃኝ፣ ደግመህ ለካ። ከክረምት ወደ በጋ ስንሻገር እንጨቱ ስለሚደርቅ አንገቱ ይንቀሳቀሳል፤ ጥቅምት ላይ እንደገና ለካው።

ከዚያ ቦዩን ሞርድ። የነት ሞረድ እዚህ ማግኘት ከባድ ነው፤ ዋጋውም ከጊታሩ ጋር የሚፎካከር ነው። ለ1ኛና ለ2ኛዋ ክር መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት ከሚለኩበት የብረት ምላስ 0.30ውንና 0.35ቱን ወስደህ ጠርዙን በሞረድ እንደ መጋዝ ጥርስ ብትከረክረው ይበቃል። ለሌሎቹ የጋዝ መበየጃ አፍንጫ ማጽጃ ሽቦዎችን ተጠቀም፤ ሸካራ ናቸው፣ በየውፍረቱ ይገኛሉ፣ መርካቶ የብየዳ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሏቸው። ቦዩ ከክሩ ትንሽ ብቻ ይስፋ፤ ወደ መቃኛዎቹ በኩል ዘቅዝቅ ይበል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርድ፣ ክሩን መልስ፣ ቃኝ፣ በወረቀት ለካ። አትቸኩል፤ ካለፈ ክፍት ክሩ 1ኛውን ፍሬት እየነካ ይንጫረራል። እንዲያ ከሆነ ቦዩን በቤኪንግ ሶዳ ሞልተህ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጣልበትና እንደገና ሞርድ። መጨረሻ ላይ የመጻፊያ እርሳስ ጫፍ ቦዩ ውስጥ አሽበት።

ነቱ ውስጡ ባዶ የሆነ ፕላስቲክ ከሆነ ለመቀየር ብዙ ብር አያስፈልግም። ሉካንዳ ቤት የበሬ ቅልጥም አለ። መቅኑን አውጣ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባለበት ለብ ባለ ውሃ ለቀናት ዘፍዝፍ፣ ውሃውን እየቀየርክ ስቡ እስኪለቅ ጠብቅ። አታንተክትከው፤ ብዙ የተቀቀለ አጥንት ይሰባበራል። ሁለት ሳምንት ጥላ ላይ አድርቀህ በድሮው ነት ልክ ለክተህ ቁረጥ። አጥንት ስትሞርድ አፍና አፍንጫህን ሸፍን። ስትለጥፈው ሁለት ትንንሽ ጠብታ ሙጫ ይበቃል። ነት በሱፐር ግሉ ሙሉ በሙሉ አጥለቅልቀው የሚያጣብቁ ሰዎች ሥራ ያናድዳል፤ ኋላ ሲነቀል እንጨቱን ይዞ ይወጣል።

ክሩን በአዲስ 9–42 (ከ0.009 እስከ 0.042 ኢንች) ስብስብ ቀይር። ፓኬቱ በደንብ ያልታሸገ፣ ክሩ የጠቆረ ከሆነ አትግዛ። ቀጫጭኖቹን መቃኛው ላይ ሦስት ዙር ያህል ብቻ ጠምጥም፤ ስምንት ዙር መጠምጠም ራሱን የቻለ የቅኝት ማበላሻ ነው። መቃኛዎቹን ራሳቸውን ለመቀየር አትቸኩል፤ ፊት ያለውን ክብ ብሎን አጥብቀህ እንጨቱ ላይ ካልተወዛወዙ ደህና ናቸው።

የብሪጁን ዘንግ (ድምፅ ማወዛወዣውን) የማትጠቀም ከሆነ ከኋላ ያሉትን ሦስት ሞላዎች አምስት አድርጋቸው፤ የያዛቸውን የብረት ጥፍር ብሎን ብሪጁ ገላው ላይ እስኪተኛ አጥብቅ። ለቤንድ ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ቀጭኗን ክር ከፍሬቱ በላይ 1.6፣ ወፍራሟን 2 ሚሊሜትር አድርግና ሳድሎቹን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋህ ቃኝ።

የተቆረጠችው ሽቦ የምትበየደው እዚያው ጥፍር ላይ ነው። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፤ ጥፍሩ ሙቀት ስለሚበላ ደካማ መበየጃ አይይዝልህም፣ 60 ዋት ያህል ይኑረው። በቴስተር ከክሩ እስከ ጃኩ (ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ) ውጫዊ ብረት መገናኘቱን አረጋግጥ። አምፑ ተነቅሎ መሆን አለበት። አምፑን ራሱን ደግሞ አትክፈት፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ይኖራል።

ሽፋኑ ከተከፈተ ዘንድ ጃኩንም ቀይር። ርካሹ ጃክ በወራት ውስጥ ይላላል፤ ጠንካራ ክፍት ጃክ ፈልግ። የእንጨቱን ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ሸፍነህ ከግራውንዱ ጋር አገናኘው። ቴፑ የጃኩን ጫፍ መገናኛ እንዳይነካ ተጠንቀቅ፤ ከነካ ጊታሩ ጭራሽ ድምፅ አይሰጥም። ከዚያ በኋላም ነጠላ ጥቅል (ሲንግል ኮይል) ፒክአፕ ትንሽ መጮኹ አይቀርም፤ ከአምፑና ከፍሎረሰንት መብራት ራቅ በል፣ ፊትህንም አዙር።

ድምፁ አሁንም ከሳሳብህ ፒክአፑን ከመግዛትህ በፊት ከፍታውን ሞክር፦ ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ ከቀጭኗ ክር 2፣ ከወፍራሟ 2.5 ሚሊሜትር ይራቅ። በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስብና ወፍራሞቹ ክሮች የተቃኙ አይመስሉም።

ሁሉን ገጥመህ ከማይክ ፊት ከመቆምህ በፊት፣ የአምፑም የማይኩም ማሽን በርቶ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ በትልቁ መለኪያ አድርገህ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አስቀምጥ። የምትይዘው የቴስተሩን ፕላስቲክ ብቻ ይሁን፤ ክሩንም ማይኩንም በእጅህ አትንካ። ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ማሳየት አለበት። አሥር፣ ሃያ፣ መቶ ካሳየ ጊታሩን ትተህ ሁለቱንም ከሶኬት ንቀል፤ ባለሙያው ሶኬቱን ሳያስተካክል አትጫወት።