ጉርብርብ በተዳቀለች ላም ላይ ለምን ይጠናል?

ጥያቄ፦ በሰንዳፋ አቅራቢያ በአንድ በረት ሁለት ላሞች አረባለሁ፤ አንዷ የሆልስታይን ዲቃላ፣ ሌላዋ የሀበሻ ላም ናት። መስከረም ላይ ዲቃላዋን ትኩሳት ያዛት፤ ቀጥሎም ገላዋን ሁሉ እባጭ ወረሰው፣ ወተቷም ከ12 ሊትር ወደ 3 ወረደ። የሀበሻዋ ላም አንገቷ ላይ ጥቂት እባጮች አውጥታ ዳነች። የእንስሳት ሐኪሙ ጉርብርብ ነው አለኝ፤ ጎረቤቶቼ ግን «የዝንጀሮ ፈንጣጣ ነው፣ ልጆችሽን አርቂ» እያሉ አስጨነቁኝ። በአንድ በረት የሚያድሩ ላሞች እንዴት እንዲህ ይለያያሉ? ልጆቼስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ልጆችዎ ልብዎ ይረፍ፤ ጉርብርብ ሰውን አይዝም። ከፈንጣጣ ቤተሰብ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም በግንቦት 2017 ዓ.ም. በሞያሌ የተገኘው የዝንጀሮ ፈንጣጣ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ የሌላ ወገን ቫይረስ ነው።

የትኛው ቫይረስ ማንን እንደሚያጠቃ በአብዛኛው የሚወስነው በዘረመሉ የያዘው ነገር ነው። የጉርብርብ ቫይረስ ከ150 በላይ ጂኖች አሉት። የቅርብ ዘመዶቹ የበግ ፈንጣጣና የፍየል ፈንጣጣ ሲሆኑ፣ የሦስቱ ዘረመል ከመቶ 97 ያህሉ አንድ ዓይነት ነው። ጉርብርብ በደህና የያዛቸው ዘጠኝ ጂኖች ግን በበግና በፍየሉ ቫይረሶች ውስጥ ተበላሽተው ሥራ አቁመዋል፤ ከብትን የማጥቃት ችሎታው ከእነዚህ ከአንዳንዶቹ ጋር ሳይያያዝ እንደማይቀር ተመራማሪዎች ይገምታሉ። የቫይረሱ ዓይነት የበሽታውንም ክብደት ይለውጣል። እስከ 1968 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው የሰው ፈንጣጣ ከመቶ ታማሚ አንድ ሁለቱን ብቻ ይገድል የነበረ ሲሆን፣ በእስያ የታወቀው ዓይነት ግን ሠላሳ ያህሉን ይፈጅ ነበር።

በእርስዎ በረት ግን ሁለቱን ላሞች የያዛቸው ያው አንድ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ልዩነቱን በላሞቹ በራሳቸው ዘር መፈለግ ይገባል። ሆልስታይን ለወተት ብዛት ሲመረጥ የኖረ የአውሮፓ ዝርያ ነው፤ ጉርብርብ ደግሞ በዛምቢያ በ1929 እ.ኤ.አ. ከታወቀ በኋላ የአውሮፓን ምድር የረገጠው በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የሀበሻ ከብቶች ግን ከበሽታው ጋር አብረው በመኖር ብቻ ጠነከሩ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም፤ በአገራችን በሽታው የታየው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ነውና። አውስትራሊያ በ1950 እ.ኤ.አ. ጥንቸሎችን ለማጥፋት የለቀቀችው ሚክሶማ የተባለ የዚህ ቤተሰብ ቫይረስ መጀመሪያ ከመቶ 99 ጥንቸል ገደለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ቫይረሱ ለዘብ አለ፣ ከተረፉት የተወለዱትም እየበረቱ ሄዱ። ጥንቸል በዓመት ደጋግማ ትወልዳለች፤ ላም ግን በዚያ ፍጥነት ትውልድ አትለውጥም። ይልቁንም ሻኛ ያላቸው ከብቶች መዥገርን በመቋቋም ከቀድሞም የታወቁ ናቸው፤ ቫይረሱን የሚያዛምቱት ተናካሽ ዝንቦች፣ ትንኞችና መዥገሮች ስለሆኑ ይህም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። አንድ ጂን ብቻውን ይህን ሁሉ አይሠራም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥም እንኳ ከተያዙት ከብቶች ግማሽ ያህሉ እባጭ ሳያወጡ ያልፋሉ። እንዲህ ያሉት በደማቸው ቫይረሱን ሊይዙ ስለሚችሉ፣ የሀበሻዋ ላም ደህና መምሰሏ አያዘናጋዎት።

ዲቃላዋን ሸጠው ወደ ሀበሻ ላም ብቻ እንዲመለሱ አልመክርዎትም፤ የቤትዎ ገቢ ከእርሷ ነውና። ለቫይረሱ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪሙ የሚሰጣት መርፌ ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ነው፤ እርሱ የሚነግርዎት የቀን ቁጥር እስኪያልፍ ወተቷን አይጠጡ፣ ከዚያም በኋላ አፍልታችሁ ጠጡ። ክትባቱ በአገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ዝንብና ትንኝ ከሚበዛበት ከክረምት በፊት በየዓመቱ ሁለቱንም ያስከትቡ፣ ክትባቱ ቢያጥር ግን ቅድሚያው ለዲቃላዋ ይሁን። ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ በበረዶ ተይዞ መምጣቱን፣ ለእያንዳንዷ ላምም አዲስ መርፌ መጠቀሙን ይመልከቱ። በጥንቃቄ ያልተሠራ ክትባት አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል ከማይታወቅ ሻጭም አይግዙ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በሩሲያ የክትባቱና የመስኩ ቫይረስ ዘረመል ተቀላቅሎ የተፈጠረ አዲስ የጉርብርብ ዓይነት ተገኝቷል። ጥጃ ካለችዎት፣ ከእናቷ እንገር ያገኘችው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ስለሚችል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሲሞላት ትከተብ።