መልስ፦ የመድኃኒት ሰዓት ለምን ይምታታል?

ሲስተር፣ «የሌሊት ተረኞች ምን መድኃኒት እንደሰጡ ጠዋት የሚያውቅ የለም፤ ምን ላድርግ?» ብለሻል። እኔም ጅማ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነርሶችን ስመራ በዚሁ ተቃጥያለሁ። ትልቁ ጣጣ ሰዓቱ ነበር። አንዷ በእኛ አቆጣጠር «2 ሰዓት» ብላ ትጽፋለች፣ ሌላው በፈረንጅ ያነበዋል። የ6 ሰዓት ልዩነት! ኢንሱሊን ላይ ይሄ ያስፈራል። ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን የሳቱ አባት አይቻለሁ።

ቻርቱ ላይ በአንድ አቆጣጠር ብቻ፣ «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። የሰጠው ሰው ወዲያው ይፈርም። ርክክቡም አልጋው አጠገብ፣ ሁለቱም ተረኞች ባሉበት ይሁን። ሐኪሙ በስልክ ያዘዘውን ጽፈሽ መልሰሽ አንብቢለት። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ እናቶችን ደግሞ በቋንቋቸው የሚጠይቃቸው ሰው መድቢ። መድኃኒቱ እንዳዞራቸው የሚናገሩት ያኔ ነው።