መልስ፦ የበግ ሐሞት ለጫጩት ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በግ ሲታረድ የሚጣለውን ሐሞት ለሥጋ ዶሮ ጫጩቶቼ መኖ ላይ ልጨምር ወይ ብለሃል።

ሐሳብህ መጥፎ አይደለም። የሐሞት አሲድ ቅባትን እንደ ሳሙና ይበታትነዋል፤ ያኔ የቆሽት ኢንዛይም በቀላሉ ይፈጨዋል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም አብረው ወደ ሰውነት ይገባሉ። ጫጩት ገና ሳለች የራሷ ሐሞት ስለማይበቃት፣ ዘይት የገባበት መኖ ስትበላ ያግዛታል።

ግን ለመኖ የሚሸጠው የሐሞት አሲድ ተጣርቶ የደረቀ፣ መጠኑ የታወቀ ዱቄት ነው። የበጉን የሐሞት ከረጢት ቀድዶ ፉርሽካ ላይ ማፍሰስ ሌላ ነገር ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሐሞት ውስጥ ይደበቃል። ባለፈው የመንዝ በግ አርደን ጉበቱን ስከትፍ ከሐሞት ቱቦው ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ወጣ! የዚህ ትል እንቁላል የሚወጣው ከሐሞት ጋር ነው። ረግረግ ላይ ከጣልከው በቀንድ አውጣ በኩል ዞሮ በጎችህ ጋ ይመጣል። ቅበረው።