«አፕላይ ቱ» ነው «አፕላይ ፎር»? ማመልከቻ ልታስገቢ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ ፋብሪካ በስቶር ኪፐርነት ልታመለክቺ ነው። የካ አባዶ ኮፒ ቤት ያሠራሽው ደብዳቤ «አፕላይ ኦን ዘ ፖዚሽን» ይላል፣ ጓደኛሽ ደግሞ «አፕላይ ቱ ዘ ፖዚሽን» ነው ብላሻለች። ሁለቱም አይሆንም፤ ጓደኛሽ ግን ለእውነቱ ትቀርባለች።

ጣጣው የሚመጣው ከገዛ «ለ»ችን ነው። «ለፋብሪካው አመለከትኩ» እንላለን፤ «ለስቶር ኪፐርነት አመለከትኩ»ም እንላለን። አንዷ «ለ» ሁለቱንም ተሸክማ ትሄዳለች። እንግሊዝኛው ግን ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል፦

1. እጅሽ እንዲገባ የምትፈልጊው ነገር «ፎር» ይወስዳል። ሥራ፣ ቪዛ፣ ብድር፣ ስኮላርሺፕ፣ የዓመት ፈቃድ ሁሉ «አፕላይ ፎር» ነው።

2. ወረቀትሽን የሚቀበለው አካል «ቱ» ይወስዳል። ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ኤምባሲ፣ ዩኒቨርሲቲ። ሁለቱ ሲገናኙ «አይ አፕላይድ ቱ ዘ ባንክ ፎር ኤ ሎን» ይሆናል።

ከተምታታብሽ የአማርኛ ማመልከቻ አስቢ። ራስጌው ላይ «ለ» ብለሽ የምትጽፊው «ቱ» ነው፤ «ጉዳዩ» ከሚለው ቀጥሎ የምትጽፊው «ፎር» ነው። ይቺን የያዘ ሰው አይሳሳትም።

3. «ኦን»ን ተያት። የመጣችው «በስቶር ኪፐር የሥራ መደብ ላይ ለመወዳደር» ከሚለው የማስታወቂያ አማርኛ ነው፤ «ላይ»ን ቃል በቃል ገለበጧት። «አፕላይ ኦንላይን» ሲባል መስማትም ያሳስታል፤ እዚያ ግን «ኦንላይን» ሙሉ ቃል ነው፣ በኢንተርኔት ማለት፤ «ፎር»ን አይተካም። «አፕላይ ፎር ዘ ጆብ ኦንላይን» ይባላል። የሚያናድደው ግን ኮፒ ቤቶቹ ፍላሽ ላይ ለዘመናት የኖረውን አንድ ፎርማት ስምና ስልክ ብቻ እየቀያየሩ ማተማቸው ነው። ስህተቱ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል፤ የሚከፍልበት አመልካቹ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ «ኦን» ስላልሽ ብቻ ላይጥሉሽ ይችላሉ። ወረቀትሽን ቅርጫት ውስጥ የሚከተው ከዚያው ፎርማት የሚተርፈው ሌላው ነገር ነው፦ ራስጌው ላይ ያንቺ ፋብሪካ ተጽፎ፣ ታች ግን «አፕላይ ቱ» ካለ በኋላ ያለፈው ደንበኛ ያስጻፈው ድርጅት ስም ሳይነሳ ይቀራል። ከመፈረምሽ በፊት ከ«ቱ» ቀጥሎ ያለውን ስም በጣትሽ እየነካሽ አንብቢ።

ጓደኛሽ «አፕላይ ቱ ዎርክ የሚል አይቻለሁ» ካለችሽ አትሟገቻት፣ ትክክል ነው። እዚያ ያለችው «ቱ» ግስ አስከታይ ናት፤ «ለመሥራት» ውስጥ እንዳለችው «ለመ»። «አፕላይ ፎር ቱ ዎርክ» ግን በፍጹም አይባልም።

ኢንተርቪው ላይ «ዊች ፖዚሽን ዲድ ዩ አፕላይ ፎር?» ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ፎር» ተንጠልጥላ የቀረች ትመስላለች፣ ብዙ ሰውም ይቆርጣትና «ዘ ጆብ አይ አፕላይድ» ይላል። አማርኛው ራሱ ያስተምርሻል፦ «ያመለከትኩበት ሥራ» ውስጥ «በት» ብትነሳ «ያመለከትኩ ሥራ» ይሆናል፤ ጆሮ ይቆረቁራል። «ፎር» የዚያች «በት» ቦታ ናት። «ዘ ጆብ አይ አፕላይድ ፎር» በይና አፍሽን ሞልተሽ ጨርሻት።

ፎርም ስትሞዪ «ኖት አፕሊኬብል» የሚል ካየሽም አትደንግጪ፤ «አይመለከተኝም» ማለት ነው። «ዚስ ሩል አፕላይስ ቱ ኦል» ደግሞ «ደንቡ ሁሉንም ይመለከታል»። ማመልከትና መመልከት እኛም ዘንድ ዘመዳሞች ናቸው፣ ስለዚህ አይከብድሽም። በዚህኛው ትርጉም «ፎር» ሳይሆን «ቱ» ነው።

የደብዳቤሽ መዝጊያም ስህተት አለበት። «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ሳይሆን «ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ነው። እዚህ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነች ከኋላዋ የሚመጣው ግስ «ኢንግ» ይጨምራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በግሱ ቦታ ስም አስገቢ። «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ሂሪንግ»። «ዋንት ቱ ዩር ሪፕላይ» ግን አያስኬድም፤ ስለዚህ «ዋንት ቱ ሂር»።

የመክፈቻ ዓረፍተ ነገርሽ እንዲህ ይሁን፦ «አይ ዉድ ላይክ ቱ አፕላይ ፎር ዘ ፖስት ኦፍ ስቶር ኪፐር»። «ቱ ዩር ካምፓኒ» ብለሽ መጨመር አያስፈልግም፤ ራስጌው ነግሯቸዋል። ኮፒ ቤት ስትመለሺም ያንቺን ወረቀት ብቻ አስተካክለው እንዳይሰጡሽ፤ ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል ራሱን አርመው ሴቭ ያድርጉት በያቸው፣ ካልሆነ ከአንቺ ቀጥላ የምትመጣዋ ያችኑ «ኦን» ይዛ ትሄዳለች።